የስንሻው ኮርቻ

ተረትና ምሳሌ ሁሉ ከአዳም ዘመን የወረደ ይመስለናል። አባቶች አሉ እንላለን እንጂ የትኛው አባት፣ ምን አይቶ፣ ምን ደርሶበት እንዳለው አንጠይቅም። ከባሕር ዳር ወጣ ብለው ባሉት የጣና ዳር መንደሮች ግን የትውልድ ግቢው የሚታወቅ አንድ አባባል አለ። አባባሉ ሲወለድ እዚያው ቆመው ያለቀሱ ሰዎች ዛሬም በሕይወት አሉ። ሰው ርካሽ ዕቃ አገኘሁ ብሎ ሲፈነድቅ ይጠቀሳል፤ ልጅ ለጋብቻ ሲጠየቅ ይጠቀሳል፤ አንዱ ተነሥቶ ሌላው ሲሾምም ይጠቀሳል። የሰሙት ብዙዎች የፈረስ ተረት ይመስላቸዋል። ፈረስ የለበትም። ያለው ብስክሌት ነው፤ ያውም በባትሪ የሚሄድ ብስክሌት።

እንየው ጫኔ የሚባል ሶፋ ሠሪ ነበር። ባሕር ዳር ውስጥ ደህና ሳሎን ገብቶ የተቀመጠ ሰው ሳያውቀው እንየው በሠራው ላይ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ስፖንጁን በመዳፉ ጫን አድርጎ ሲለቀው ስንት ክረምት እንደሚያገለግል ይናገራል ይባልለት ነበር። ታዲያ የሰውን ሁሉ መቀመጫ ሲያመቻች የኖረው እንየው ለራሱ መቀመጫ አጣ።

ነገሩ የመጣው የሥራ ቦታውን ከከተማ ወጣ ወዳለ ሰፈር ሲያዛውር ነው። ባጃጁ ሁሉ ቤንዚን ፍለጋ ሰልፍ ላይ የሚውልበት ጊዜ ስለነበር የኤሌክትሪክ ብስክሌት ገዛ። ብስክሌቷ ግሩም ነበረች፤ ማታ ቻርጅ አድርጓት ያድራል፣ ጠዋት ድምፅ ሳታሰማ እንደ ድመት ታደርሰዋለች። ጣጣው ኮርቻዋ ላይ ነበር። እንየው ከዓመታት በፊት ሶፋ ሲጭን ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ግራ ዳሌው ተጎድቷል። አብሯት የመጣው ኮርቻ ደግሞ ጠባብና ድንጋይ የሆነ ነገር ነው። ሥራ ቦታው ሲደርስ እግሩን አንሥቶ ለመውረድ ግድግዳ መደገፍ ጀመረ።

መጀመሪያ ስፖንጅ አለበሰው፤ በሳምንቱ ስፖንጁ እንደ ቂጣ ተጋገረ። የበግ አጎዛ ጣለበት፤ አጎዛው እየተንሸራተተ ከአስፋልት ሊጥለው ደረሰ። ሰፊ ኮርቻ ከሱቅ አመጣ፤ እሱም ጭኑን ላጠው። ሚስቱ ውባለም፣ ሳቅ የማያልቅባት ሴት፣ አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፦

«ለምን ሶፋውን እንዳለ አትገጥምበትም? እንግዳም ከኋላ ይቀመጥልሃል!» አለችው።

እንየው አልሳቀም። ሕመም ሳቅ አይወድም።

ገረመው ብስክሌት ጠጋኙ ጋ የሄደው እንዲህ አንጀቱ ባረረ ጊዜ ነው። ገረመው ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ይሠራል፤ ከቅርንጫፎቹ ላይ አሮጌ ጎማ፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ ያለቀ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል። እንየው ሲያማርጥ ቆይቶ ዓይኑ ከሁሉም ከፍ ብሎ ለብቻው ከተሰቀለ የቆዳ ኮርቻ ላይ አረፈ። ቆዳው ጠቆር ያለ ቡናማ ነው፤ ከሥሩ ሁለት የተጠማዘዙ የብረት ሞላዎች አሉት። ብረቱ ዝጓል። ቆዳው ግን ትናንት የተለፋ ይመስላል።

«ያስ?» አለ በጣቱ እያሳየ።

ገረመው ቀና ብሎ አየና ወደ ሥራው ተመለሰ። «እሱ ይቅርብህ።»

«ለምን? ተሸጧል?»

«አልተሸጠም። የሚጠይቅ ሲመጣም ደስ አይለኝም፣ ጠይቆ ትቶት ሲሄድም ደስ አይለኝም። እንዲሁ ተሰቅሏል።»

«አውርደውና ልሞክረው እንጂ።»

ገረመው እያቅማማ አውርዶ ገጠመለት። እንየው ተቀመጠ። ከዚያ ዝም አለ። የሚያየው ሰው የተጎዳ መሰለው፤ እሱ ግን ከስንት ጊዜ በኋላ ምንም ሕመም ስላልተሰማው ነበር ዝም ያለው። ቆዳው በግራ በኩል ጎድጎድ ብሏል፤ ያ ጎድጓዳ የታመመ ዳሌውን እናት ልጇን እንደምትቀበል ተቀበለው። ሞላዎቹ ቀስ ብለው «ሲጥ… ሲጥ» አሉ።

«የእኔን አዲሱን ውሰድና ይህን ስጠኝ» አለ እንየው። «አንተ ታተርፋለህ።»

«የማን እንደነበር አትጠይቀኝም?»

«ኮርቻ ነው እንጂ ሚስት አይደለች፤ የዘር ሐረጓ ምን ያደርግልኛል? ተመቸኝ፣ አበቃ።»

ገረመው የብሎን መፍቻ ኪያቤውን በጨርቅ ጠረገ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እንየው ግን ብስክሌቷን አስነሥቶ ሄዷል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስታ ብቻ ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ተቃርቧል፤ ጠዋት ጠዋት ከጣና የሚነሣው ጉም መንገዱን ይሸፍነዋል፤ እንየው በዚያ ጉም ውስጥ ድምፅ በሌላት ብስክሌት፣ ሕመም በሌለው ገላ ሲያልፍ ደመና ላይ የተቀመጠ ይመስለው ነበር። አንድ ነገር ብቻ ገርሞታል። ብስክሌቷ ቅዝቃዜው ጥርስ በሚያፋጭበት በረንዳ ላይ ነው የምታድረው፤ ጠዋት ሲቀመጥ ግን ኮርቻው ይሞቃል። የፀሐይ ሙቀት አይደለም። ሰው አሁን ተነሥቶበት የሄደ ወንበር ሙቀት ነው።

ከዚያ ሰላምታው መጣ። ከአስፋልቱ ላይ አንድ መገንጠያ አለ፤ ቀኙ ወደ እንየው ሥራ ቦታ ይወስዳል፣ ግራው ኮረኮንች ሆኖ ግራር ማዶ ወደምትባል መንደር ይወርዳል። አንድ ጠዋት መገንጠያው አጠገብ ከብቶች መንገዱን ዘግተውት ቆመ። ከኋላው አንድ ሽማግሌ በሬ ነጂ ደረሰ።

«ስንሻው! አንተ የጠፋህ ሰው! ለመሆኑ የት ከርመህ ነው?» አለና ትከሻውን መታ አደረገው።

እንየው ዞረ። ሰውየው ፊቱን ሲያይ እጁን በእሳት እንደተቃጠለ ሰው ሰበሰበ።

«በስመ አብ…» ብሎ አማተበ። «ይቅርታ ጌታዬ። ከኋላ… አቀማመጥህ… ይቅርታ።» በሬዎቹን እየደበደበ ከመንገዱ ወረደ። ጉሙ እስኪውጠው ድረስም ከአንዴ በላይ ዞሮ አየ።

እንየው ሳቀ። መመሳሰል ያለ ነገር ነው አለ። በሌላ ቀን ግን አንዲት ድንች የተሸከመች ሴት እንዲሁ «ስንሻው» ብላ ጠራችው፤ ስታየው ሸክሟን ጥላ ቆመች። ይህ ከዚያ በኋላ በተለያየ ሰው አፍ ተደጋገመ። ሁሉም የሚጠሩት ከኋላው ሆነው ነው። ፊቱን ያየ ግን አንድም ሰው አልሳቀም።

ቤት ውስጥ ነገሩን ያየችው ውባለም ናት። ባሏ ሲራመድ ግራ እግሩን ወደ ውጭ መጣል ጀመረ። ፉጨት የማያውቅ ሰው ልብስ ሲቀይር፣ ገላውን ሲታጠብ፣ አንድ ዜማ ያፏጫል። አንድ ምሽት ከበር ስትገባ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ አየችውና የያዘችውን ጀሪካን ለቀቀችው።

«ምነው?» አላት።

«እንጃ» አለች ደረቷን ይዛ። «ሌላ ሰው ቤቴ የገባ መሰለኝ።»

መገንጠያው ላይ ያለውም ነገር እየከፋ ሄደ። ወደ ቀኝ ሊታጠፍ ሲል ብስክሌቷ ትሰለቻለች፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሳለ ዳገት እንደሚገፋ አህያ ትንፋሿ ያጥርባታል። እጁን ላላ ካደረገ ደግሞ ጎማው ራሱ ወደ ግራ ያጋድላል። መጀመሪያ መሪው ተጣሟል ብሎ አስመረመረ። ምንም የለውም ተባለ።

አንድ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ሰማዩ ዳምኖ መንገዱ ጭር ባለ ሰዓት፣ ስለሚቆርጠው ጨርቅ እያሰበ ይሄድ ነበር። ሐሳቡ ተቋርጦ ቀና ሲል ከቅንጭብ አጥር ፊት ቆሟል። እዚያ እንዴት እንደደረሰ አያውቅም። የባትሪው መብራት ጠፍቷል፤ ቻርጁ አልቋል። ይሁንና ያን ሁሉ ኮረኮንች አንድም ጊዜ ፔዳል ሳይመታ መጥቷል።

ግቢው ውስጥ አንዲት ሴት ጤፍ ታበጥራለች። ቀና ሳትል፦

«አባባ ሲጠብቁህ ነው የዋሉት» አለች፤ ሰው በየቀኑ የሚናገረውን በሚናገርበት ድምፅ።

ከዚያ ራሷ የተናገረችውን ሰማች መሰለኝ፣ ቀና አለች። ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ። ጤፉ መሬቱ ላይ ሲበተን ሁለቱም አዩት።

በረንዳው ላይ መደብ ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ዓይኖቻቸው ነጭ ናቸው፤ ብርሃን ከጠፋባቸው ቆይቷል። ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ ጆሯቸውን አቁመው፦

«የኮርቻው ሲጥታ ነው» አሉ። «ስንሻው? መጣህ ልጄ?»

እንየው «አይ አባቴ፣ መንገድ ስቼ ነው» ሊል ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። ከአፉ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«መጣሁ አባባ።»

ድምፁ የእሱ አልነበረም። ወፈር ያለ፣ ከደረት የሚወጣ፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ ነው። ሴትየዋ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። እንየው ግራ እግሩን ወደ ውጭ እየጣለ ሄዶ ከሽማግሌው አጠገብ ተቀመጠ፤ ማንም ሳያሳየው፣ ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ይመስል።

ሽማግሌው እጁን ያዙ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካኩ። «ቀዝቅዘሃል» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዞረው፦ «አትጠገብ፣ ምሳ አቅርቢ። ልብላ።»

እንየው ሊሄድ ሲል ሴትየዋ እስከ አጥሩ ሸኘችው። ዓይኗ ኮርቻው ላይ ተተክሏል። በጣቷ ልትነካው ዘረጋችና መለሰችው።

«ይህን ነገር…» ሲል ጀመረ እንየው።

«አትንገረኝ!» አለች። ፈጥና ነው ያቋረጠችው። «ከየት እንዳመጣኸው አትንገረኝ። ባሌ ለእሳቸው የዓይን መድኃኒት ሊያመጣ በብስክሌቱ ከተማ እንደወጣ ነው የቀረው። ክረምት ነበር። አንዱ ሱዳን ገብቷል ይለኛል፣ አንዱ ሌላ አግብቷል ይለኛል። ሬሳ ስለሌለ አላለቀስኩም፤ ባል ስለሌለም አልኖርኩም። እሳቸው ደግሞ ከምግብ እየተጣሉ አልቀውብኝ ነበር። ዛሬ በሉ። አይተሃል አይደል? በሉ።»

«እህቴ፣ እኔ እኮ እንየው እባላለሁ፤ ሶፋ ሠሪ ነኝ።»

«ነገ ና» አለች አትጠገብ። «ትንሽ ብቻ ትቀመጣለህ። ነገ ና።»

እንየው ሁለተኛ ላይመለስ ማለ። በማግስቱ ኮርቻውን ፈትቶ ከብስክሌቷ ጋር የመጣውን ጠባቡን ኮርቻ ገጠመ፤ ብስክሌቷን ገና ከሰፈር ሳያወጣ ዳሌው በጩቤ እንደተወጋ ጮኸ። ተመልሶ ቀየረው። ለራሱ፣ ሽማግሌውን ማሳዘን ኃጢአት ነው አለ። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ያ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ፣ ያ መደብ ላይ ሲቀመጥ፣ የሚያመው ነገር ስለሌለ ነው። ገላው ለሌላ ሰው የተሠራ ቦታ አግኝቶ ገጥሞበታል፤ የገጠመ ነገር ደግሞ ለመላቀቅ ይከብዳል።

እናም ሄደ። በማግስቱም ሄደ። ያልተጠናቀቁ ሶፋዎች ሆዳቸው እንደተከፈተ ሥራ ቦታው ውስጥ ተደረደሩ፤ ደንበኞች ስልክ ደወሉ፣ እንየው አላነሣም። ግራር ማዶ ግን ሽማግሌው እየበሉ ፊታቸው ተመለሰ። ስለ እርሻው ድንበር፣ ስለ ሞተችው ላም ይጠይቁታል፤ እሱም ይመልሳል። መልሱ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። ላሟ ቡሬ መሆኗን ማን ነገረው? አትጠገብ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። በእያንዳንዱ መልስ ፊቷ ይነጣል፤ ሆኖም አንድም ቀን አትምጣ አላለችውም።

አንድ ምሽት ቤቱ ራት ቀርቦ ሳለ እንየው እጁን ዘረጋ።

«አትጠገብ፣ ጨው አቀብዪኝ።»

ውባለም ጉርሻዋን ሳትውጥ ቀረች። «ማናት አትጠገብ?»

«ማን?»

«አሁን የጠራሃት።»

«እኔ ማንንም አልጠራሁም» አለ እንየው። እውነቱን ነው፤ የተናገረውን አልሰማም። ሚስቱን ሲያያት ግን አንድ ነገር አስደነገጠው። መልኳን ያውቀዋል፣ ስሟ ግን ወዲያው አልመጣለትም። ውሃ ውስጥ የወደቀ ነገር እንደሚፈልግ ሰው እጁን ሰድዶ ፈለገው። ቆይቶ ነው ያገኘው። ለእሷ አልነገራትም፤ ግን ያን ሌሊት ዓይኑ አልተከደነም።

ውባለም አልጮኸችም። ሌላ ሴት ይዟል ብላ ነው ያሰበችው፤ ማንም ሴት የምታስበውን። ጠዋት እሱ ሲወጣ በኮንትራት ባጃጅ ተከተለችው። መገንጠያው ላይ ወደ ግራ ሲታጠፍ አየች፤ ከሩቅ ሆና በቅንጭቡ አጥር ሲገባ አየች። ባጃጁን አስቁማ ዘው ብላ ልትገባ ነበር። ያስቆማት ድምፁ ነው። በአጥሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ስንሻው ልጄ» ሲሉት ባሏ ሲመልስ ሰማች፤ ቃሉ የባሏ አልነበረም፣ ድምፁም የባሏ አልነበረም፣ በአጥሩ ቀዳዳ የምታየው ጀርባም የባሏ አልነበረም። እዚያ የተቀመጠው እንየው መሆኑን የምታውቀው በሸሚዙ ብቻ ነው፤ ራሷ ናት ያጠበችው።

አልገባችም። ተመልሳ ወደ ገረመው ዋርካ ነው ያቀናችው፤ ባሏ ከዚያ ኮርቻ ወዲህ መለወጡን ልቧ ያውቅ ነበር። ባሏ ያልጠየቀውን ጥያቄ ጠየቀች።

«ያ ኮርቻ የማን ነው?»

ገረመው ይህን ሲጠብቅ እንደኖረ ሰው ተነፈሰ። «የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ» አላት። ይዟትም ዓሣ አጥማጆቹ ዘንድ ሄደ።

ውባለምና ገረመው ግራር ማዶ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነበር። እንየው መደቡ ላይ ነው። ሽማግሌው ትከሻው ላይ እጃቸውን ጥለው ስለ ዘር ያወሩታል፤ አትጠገብ የባሏን ጋቢ ከሳጥን አውጥታ ልታለብሰው ይዛለች። አንዲት ሴት በአጥሩ ስትገባ እንየው አያት። ቀይ ነጠላ ያላት ሴት ናት። ፊቷ ላይ እንባ አለ። ማን ናት? ምን አጥታ ታለቅሳለች? አዘነላት።

«እንየው» አለች ሴትየዋ።

የሚጠራ ሰው ካለ ብሎ ወደ ኋላው ዞሮ አየ።

«እንየው ጫኔ! አንተን ነው! ሰው ሚስቱን እንዲህ ያያል?»

ገላው አልተንቀሳቀሰም። ውባለም ወደ አትጠገብ ዞረች። ጋቢውን የያዘውን እጇን ያዘችው፤ በቁጣ አይደለም።

«እህቴ፣ እኔ ባልሽን አልወሰድኩብሽም። ባሌን ለምን ትወስጂብኛለሽ?»

«እኔ… እኔ አልወሰድኩትም፤ እሱ ራሱ ነው የሚመጣው» አለች አትጠገብ። «ትንሽ ጊዜ ብቻ ብዬ ነው። ምንም አትበይ፣ እባክሽ። እሳቸው ይሰማሉ።»

«ይስሙ» አለች ውባለም። «መስማት አለባቸው። ኮርቻው የተገኘው አዝዋሪት ከሚሉት ወንዝ ነው፤ ጣና ሊገባ ሲል፣ ፊላ በሚባለው የውሃ ዳር ሣር ውስጥ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸው ብስክሌት ያዘባቸው። ብረቱ በስብሶ ነበር። ከብስክሌቱ ጋር በላስቲክ የተቋጠረች የዓይን መድኃኒት አግኝተዋል፤ ይኸችው» ብላ ዘረጋች።

  ከዚያ ከአትጠገብ ሆድ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ለቅሶ አይደለም፣ ለቅሶ ከመሆኑ በፊት ያለው ነው። ጋቢውን ደረቷ ላይ አጥፋ እዚያው ተቀመጠች።

በዚያች ቅጽበት እንየው ዳሌው ላይ ሕመም ተሰማው። የራሱ ሕመም ነው፤ ያ የድሮው፣ ከአይሱዙ የወደቀበት። እንደ ጠፋ ዘመድ አወቀው። ከሕመሙ ጋር ሌላው ሁሉ ተመለሰ። ቀይ ነጠላ ያላት ሴት ውባለም ሆነች።

«ውቤ» አለ በራሱ ቀጭን ድምፅ። ከዚያ ትከሻው ላይ ያለው የሽማግሌው እጅ ትዝ አለውና አፈረ፤ ከመደቡ ወርዶ ከእግራቸው ሥር ተንበረከከ። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ አይደለሁም።»

 የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«ጆሮዬ ልጅህ ነው ይለኝ ነበር» አሉ። «እጄ አይደለም ይለኝ ነበር። የስንሻው አውራ ጣት በማጭድ የተቆረጠች ናት፤ በመጀመሪያው ቀን ፈለግኋት፣ የለችም። ግን ለጆሮዬ ፈረድኩለት። ኮርቻውን አምጣልኝ።»

እንየው ከገረመው ኪያቤ ተቀብሎ ብሎኑን ራሱ ፈታው። ኮርቻው ሲወጣ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከወንዝ አሁን እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ከቆዳውም ውሃ ጠብ ጠብ ይል ጀመር፤ ዝናብ ግን አልዘነበም። ሽማግሌው ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ግራ በኩል ያለውን ጎድጓዳ በመዳፋቸው ዳሰሱ።

«በልጅነቱ ከበቅሎ ወድቆ ነው፤ ይህን ጎን ያመው ነበር» አሉ። ከዚያ፦ «አትጠገብ፣ ነጠላሽን አዘቅዝቂ። ልጄ ሞቷል።»

ድንኳን ተተከለ። እንደ ጥንቱ፣ የሟች ፈረስ ኮርቻ በለቅሶ መሐል እንደሚቆመው፣ የስንሻው ኮርቻ ወንበር ላይ ተደርጎ ጋቢው ተደረበበት፤ መድኃኒቷም አጠገቡ ተቀመጠች። አትጠገብ ዓመታት የያዘችውን እንባ አወረደችው፤ ውባለም ከጎኗ ተቀምጣ ወገቧን ደገፈቻት። እንየው ቆሞ ዋለ። ዳሌው ይጠዘጥዘው ነበር፤ መቀመጫ ሲያመጡለትም አልተቀመጠም።

ማምሻውን፣ ለቅሶ ደራሹ ነገሩን እርስ በርሱ ሲያንሾካሹክ፣ ያ በሬ ነጂ ሽማግሌ እንየውን ጠጋ ብሎ፦ «ለመሆኑ አንተ ሰው፣ መንገዱ ወዳልፈለግኸው ቦታ ሲወስድህ እንዴት ዝም ብለህ ተቀመጥክ?» አለው።

 «ተመቸኝ» አለ እንየው አንገቱን ደፍቶ።

ሰዉ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ሰይጣን ነው አለ፣ አንዳንዱ ነፍስ ናት አለ። ዓይነ ስውሩ አባት እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው። ነጭ ዓይኖቻቸውን ወደ እንየው አቅጣጫ አዙረው፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ፦

«አትፍረዱበት፤ እኔም ተመችቶኝ ነበር፤ የሰው ኮርቻ ቢመችም የሚያደርሰው ከባለቤቱ ደጅ ነው» አሉ።